መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ሥልጠናው፦ የሳን አንቶኒዮው ፕሮጀክት ክዌስት

በጥር 1990 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሊቫይ ስትራውስ የተባለው የጂንስ ኩባንያ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ የነበረውን ትልቅ የስፌት ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከ1,000 በላይ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። ሥራው ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት ወደ ኮስታሪካ ሄደ።

ፋብሪካ መዘጋቱ ብቻውን አዲስ ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ያዩት ነው። ከዚያ የሚከተለውም የታወቀ ነው። ባለሥልጣናት ማዘናቸውን ይገልጻሉ፣ አጭር ሥልጠና ይዘጋጃል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ሰዉም ከበፊቱ ያነሰ ደመወዝ ወዳለው ሥራ ይበተናል። ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ተሞከረ። የድሃ ሰፈሮች ነዋሪዎች ራሳቸው ቁጭ ብለው የአካባቢያቸውን የሥራ ገበያ አጠኑ። ከዚያ ፕሮጀክት ክዌስት የተባለ ፕሮግራም እንዲቋቋም አደረጉ። ፕሮግራሙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በጥናትም ደጋግሞ ተፈትኗል። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎችን ወደ ተሻለ ሥራ ለማሻገር ለሚያስብ ሰው እንዲህ በደንብ የተመዘገበ ጉዳይ ማግኘት ከባድ ነው። ጉድለቱም አብሮ መነገር አለበት። ወደ እሱም እመጣለሁ።

ሥራ የሌለው ሰው፣ ሰው የሌለው ሥራ

ሳን አንቶኒዮ ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በዝቅተኛ ደመወዝ ነው። የጦር ሰፈሮች አሏት። ቱሪስት ይጎርፍባታል፤ ስለዚህ የሆቴልና የምግብ ቤት ሥራ አይጠፋም። ግን በዚያ ደመወዝ ቤተሰብ ማስተዳደር አይቻልም። ብዙ ላልተማረ ሰው ሻል ያለ ደመወዝ የሚገኘው ከፋብሪካ፣ ከግንባታና ከጦር ሰፈሮቹ የጥገና ሥራ ነበር። በ1980ዎቹ ይህ እየሳሳ መጣ።

በዚያው ሰሞን የጤናው ዘርፍ እያደገ ነበር። ሆስፒታሎች ነርስ ይፈልጋሉ። ቴክኒሽያን ይፈልጋሉ። የሕክምና መዝገብ የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ። እነዚህ ሥራዎች ደህና ደመወዝ አላቸው፣ የጤና መድን አላቸው፣ ዕድገትም አላቸው። ሥራ ባጣው ሰውና ሰው ባጣው ሥራ መሃል ያለው ርቀት አንድ ወይም ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ነው።

ሲነገር አጭር ይመስላል። ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግና ከእጅ ወደ አፍ ለምትኖር እናት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ ሳታገኝ መማር የማይታሰብ ነው። ኪራይ አይጠብቅም። ልጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። መኪናዋ አንድ ቀን ከተበላሸች ፈተና ያመልጣታል፤ አንድ ፈተና ካመለጣት ደግሞ ትምህርቱ እዚያው ላይ ሊቆም ይችላል። እኔ የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ዕቅድ አውጪዎች “የክህሎት ክፍተት” ይሉና ክፍተቱን በኮርስ ሊሞሉት ይነሳሉ። ኮርሱ ግን ቀድሞም ነበር፤ ኮሌጁ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። የጠፋው ሰው ኮርሱን እስኪጨርስ የሚያቆየው ነገር ነው።

የመንግሥት የሥልጠና ገንዘብም አልጠፋም። በ1982 በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት ድሆች በየአካባቢው የሥራ ሥልጠና ያገኙ ነበር። ነገር ግን አሰልጣኙ የሚመዘነው ስንት ሰው አሰለጠነ፣ ስንቱ ቶሎ ተቀጠረ፣ ለአንድ ሰው ስንት ወጣ በሚል ነበር። እንዲህ ከሆነ ማንም ወደ አጭርና ርካሽ ኮርስ ያዘነብላል። ለመቀጠር ብዙም የማይቸገረውን ሰው ይመርጣል። “ተቀጠረ” የሚለው ምልክት እስከተደረገበት ድረስ ሥራው ምን ያህል እንደሚከፍል እምብዛም አይጠየቅም። በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ትልቅ ጥናት የዚህ ፕሮግራም ጥቅም ለአዋቂዎች መጠነኛ፣ ለወጣቶች ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ተገኝቷል።

የሥራ ገበያውን ጥናት ማን ሠራው?

ኮፕስ የሚባለው የነዋሪዎች ድርጅት የተመሠረተው በ1974 ነው። መሠረቱ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ድሆች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ያሉት የካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ናቸው። ያደራጃቸው የከተማዋ ተወላጅ ኤርኔስቶ ኮርቴዝ ነው። የመጀመሪያ ትግላቸው ስለ ጎርፍ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ቤታቸው ይገባል፤ የማፋሰሻ ቦይ እንደሚሠራላቸው ለዓመታት ቃል ተገብቶላቸው የሚሠራው ግን ጠፋ። ተደራጁና አሠሩት።

በ1975 ያደረጉት ነገር ዛሬም ይወራል። ብዙ ሆነው ፍሮስት ባንክ ገቡና ተሰለፉ። ዶላራቸውን በሳንቲም ያስመነዝራሉ። እንደገና ይሰለፉና ሳንቲሙን ወደ ዶላር ያስለውጣሉ። የባንኩ ሥራ ተስተጓጎለ። የፈለጉት የከተማዋ ባለሀብቶች ፊት ለፊት እንዲያነጋግሯቸው ነበር።

ይህን የማነሳው ከዋናው ጉዳይ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ኮፕስ አሠሪዎችን ማነጋገር ሲፈልግ በሩን የከፈተለት የዚያው ባንክ መሥራች ቤተሰብ አባልና ኃላፊ ቶም ፍሮስት ነው። ሌሎች አሠሪዎችን ወደ ጠረጴዛው ያመጣው እሱ ነበር። ሰውየው በኮፕስ ላይ የነበረው አመለካከት በአንድ ቀን አልተለወጠም። እነዚህ ሰዎች የሚሉትን እንደሚያደርጉና የጀመሩትን እንደማይተዉ በዓመታት ውስጥ አይቷል። የአካባቢ የሰው ኃይል ዕቅድ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የባለሙያ ሰነድ ነው። እዚህ ግን ከሰነዱ በፊት የ15 ዓመት መተዋወቅ ነበር።

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ኮፕስና እህት ድርጅቱ ሜትሮ አላያንስ በየቤቱ ትናንሽ ስብሰባዎች ጠሩ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ከሥራ ጋር በተያያዘ ምን ደረሰብህ? ደጋግሞ የመጣው መልስ ስለ ሥልጠና ነበር። ሰዎች ሰልጥነዋል። ሰርተፊኬት አላቸው። ሥራ ግን የለም፣ ወይም የተገኘው ሥራ ከድሮው አይሻልም። ያለ ሥራ ሥልጠና ሰው የሚያደክም፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር እንደሆነ ከማንኛውም ባለሙያ በላይ እነሱ ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። መጀመሪያ ወደ አሠሪዎች ሄዱ። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት የትኛው ሙያ ላይ ሰው ያጥራችኋል? ምን ትከፍላላችሁ? ምን ማወቅ አለበት? ብለው ጠየቁ። ከአሠሪዎቹ ለ650 የሥራ ቦታዎች ቃል አስገቡ። ይህን ይዘው ወደ ከተማው ምክር ቤትና ወደ ግዛቷ ገዥ ወደ አን ሪቻርድስ ሄዱ። ከሁለቱም ገንዘብ አገኙ። ፕሮጀክት ክዌስት በ1992 ተቋቋመ፤ በማግስቱ ዓመት ተማሪዎች መቀበል ጀመረ።

የ650ው ቃል ትልቁ ጥቅም በቁጥሩ አልነበረም። የሥራ ገበያ በሁለት ዓመት ብዙ ሊለዋወጥ ይችላል። ዋናው ጥቅሙ አሠሪው ሥራውን፣ ደመወዙንና የሚፈለገውን ዕውቀት ለይቶ እንዲናገር ማስገደዱ ነው። “ጎበዝ ሠራተኛ እንፈልጋለን” ብሎ ማለፍ አልተቻለም።

እንዴት ይሠራል?

ክዌስት ራሱ አያስተምርም። ትምህርቱ የሚሰጠው በከተማዋ የሕዝብ ኮሌጆች ነው። የክዌስት ሥራ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ነው።

አንደኛው ሙያ መምረጥ ነው። ለዚህ ብቻ የተመደቡ ሠራተኞች ከአሠሪዎች ጋር ይነጋገራሉ። አንድ ሙያ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ሰው ስለሚፈለግበት ብቻ አይደለም። ቤተሰብ የሚያኖር ደመወዝ፣ ጥቅማ ጥቅምና የዕድገት መንገድ ሊኖረው ይገባል። የሆቴል አልጋ አንጣፊ በጣም ትፈለጋለች፤ ግን ወደ ዝርዝሩ አትገባም። ፍላጎቱ የቀዘቀዘ ሙያም ይወጣል። እኔ ይህን ድፍረት አከብራለሁ። “ማንኛውም ሥራ ከሥራ ማጣት ይሻላል” የሚለው አባባል ለተቸገረ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። በሕዝብ ገንዘብ ዕቅድ ለሚያወጣ አካል ግን ምክንያት ሊሆነው አይገባም። ያንን ሥራ ሰውየው ያለ ማንም እርዳታ ያገኘዋል።

በዓመታት ውስጥ ዝርዝሩ ወደ ጤና ሙያዎች አዘነበለ፦ የተለያየ ደረጃ ያላቸው ነርሶች፣ የቀዶ ሕክምና ቴክኒሽያን፣ የሕክምና መዝገብ ባለሙያ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሆስፒታል ወደ ሌላ አገር አይሄድም። ነርስ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተና ታልፋለች፤ ፈቃዱን ይዛ ወደ የትኛውም ሆስፒታል መሄድ ትችላለች።

ሁለተኛው ሰውን እስከ መጨረሻው ማቆየት ነው። የትምህርት ክፍያው ላይ የፌዴራሉ የድሆች ተማሪዎች ድጎማ አለ፤ ክዌስት የጎደለውን ይሞላል። መጽሐፍ ይገዛል። የፈቃድ ፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። በትራንስፖርትና በልጅ መያዣ ያግዛል። መብራት ሊቆረጥባት ያለች ተማሪ ካለች አስቸኳይ እርዳታ አለ። ሒሳብና ንባብ የከበዳቸው መጀመሪያ ማጠናከሪያ ይወስዳሉ።

ከሁሉም በላይ አማካሪ አለ። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ በቡድን ሆነው ከአማካሪያቸው ጋር ይገናኛሉ። ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ፈተና ጭንቀት፣ ስለ ቤት ጣጣ ይነጋገራሉ። መገኘት ግዴታ ነው። ከሩቅ ላየው ለስላሳ፣ ትንሽም ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እንዲህ ያለው ነው። ግን አስቡት። ከትምህርት ቤት ከወጣች አሥር ዓመት የሆናት ሴት የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ወድቃ ቤቷ ስትገባ “እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም” ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ስልክ የሚደውልላት ሰው መኖር አለበት። ከጎኗ የተቀመጠችውም እንደ እሷ ወድቃ እንደተነሳች መስማት አለባት። ይህን የሚተካ ኮርስ የለም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በ1996 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ገበያ ተመራማሪ የሆነው ፖል ኦስተርማንና ባልደረባው ብሬንዳ ላውች ፕሮግራሙን ገመገሙት። የተማሪዎቹ ገቢ ከፍ ብሏል አሉ። ጥርጣሬ ግን ቀረ። ሁለት ዓመት ታግሶ ለመማር የሚመጣ ሰው ድሮም ትጉህ ነው፤ ያለ ክዌስትስ ይሻሻል ነበር እንደሆነ በምን ይታወቃል? ተገቢ ጥያቄ ነው።

ለዚህ መልስ የሰጠው ሌላ ጥናት ነው። ከ2006 ጀምሮ ለጤና ሙያዎች ካመለከቱት መካከል 410 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ክዌስት ገቡ። ግማሾቹ አልገቡም፤ ነገር ግን በራሳቸው መንገድ ኮሌጅ መግባትም ሆነ ሌላ እርዳታ መፈለግ ይችሉ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹም እናቶች ናቸው። ኢኮኖሚክ ሞቢሊቲ ኮርፖሬሽን የተባለው የምርምር ተቋም ለዓመታት ተከታተላቸው።

መጀመሪያ ላይ ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የክዌስት ተማሪዎች ካልገቡት ያነሰ ገቢ ነበራቸው። ቢታሰብ ግን ይገባል፦ እየተማሩ ነው፣ ብዙ ሰዓት አይሠሩም። ከሦስተኛው ዓመት አካባቢ ጀምሮ ልዩነቱ ተገለበጠ። በስድስተኛው ዓመት የክዌስት ቡድን በአማካይ በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ብልጫ ነበረው። በዘጠነኛው ዓመትም ልዩነቱ አልጠፋም። የሥልጠና ፕሮግራሞች ጥቅም ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመት ይደበዝዛል። ይህኛው አልደበዘዘም። ለአንድ ተማሪ የወጣው 10,000 ዶላር ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። ፕሮግራሙ በአንድ ዓመት ውጤት ቢመዘን ኖሮ ከሸፈ ተብሎ ይዘጋ ነበር። በ1982ቱ ሕግ ዓይነት መለኪያ በሕይወት አይተርፍም ነበር ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ያን የገቢ መቀነስ የተሸከሙት ሴቶቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። ክዌስት መጽሐፍና ክፍያ ይሸፍናል እንጂ ደመወዝ አይተካም። በዘመድ ቤት ተጠግተው፣ ማታና ቅዳሜ እየሠሩ ነው የሚዘልቁት። የሚጠጉበት ዘመድ የሌላቸው ከመጀመሪያውም ላያመለክቱ ይችላሉ።

ያልደረሰባቸው

አሁን ወደ ጉድለቱ። ክዌስት ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ ወይም አቻ ያስፈልጋል። የኮሌጅ ትምህርት ለመከታተል የሚያስችል ንባብና ሒሳብም ያስፈልጋል። ይህ ያለ ምክንያት የተቀመጠ መስፈርት አይደለም፤ ያለዚያ የነርስነት ትምህርት አይዘለቅም። ግን በዚህ መስፈርት ማን ይወድቃል? ከልጅነቷ ጀምሮ ስፌት ማሽን ላይ የኖረች፣ ትምህርት በጊዜ ያቋረጠች፣ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ስፓኒሽ የሚቀላት የ45 ዓመት ሴት። የፋብሪካው መዘጋት ከተማዋን ያንቀሳቀሰው በእነዚህ ሴቶች ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ግን ለብዙዎቹ የሚመጥን አልነበረም።

እነሱ በበኩላቸው ፉዌርሳ ኡኒዳ የተባለ ማኅበር አቋቁመው ኩባንያውን ተሟገቱ። ተገቢውን ካሳ አላገኘንም አሉ። ምርቱ እንዳይገዛ ዘመቻ ጀመሩ። ሳን ፍራንሲስኮ እስካለው ዋና መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደው ተቃወሙ። የክዌስት ታሪክ ሲነገር የእነሱ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መዘለሉ ትክክል አይመስለኝም። አንድ አካባቢ የሥራ ዕቅድ ሲያወጣ የነገውን ሥራ ፈላጊ ብቻ ካሰበ ዛሬ የተጎዳው ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ለእነዚያ ሴቶች ሌላ ዕቅድ ያስፈልጋቸው ነበር፦ በሚያውቁት ቋንቋ የሚጀምር ትምህርት፣ ረዘም ያለ የገቢ ድጋፍ፣ ለጡረታ ለቀረቡት ደግሞ ካሳ።

መጠኑም ሌላ ችግር ነው። ክዌስት በዓመት የሚደርሰው ለጥቂት መቶ ሰዎች ነው። በከተማዋ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራው ሰው ግን በመቶ ሺህ ይቆጠራል። ደግሞም አንዲት አልጋ አንጣፊ ነርስ ብትሆን የአልጋ አንጣፊነቱ ሥራ እንዳለ ነው። ሌላ ሴት በዚያው ደመወዝ ትገባበታለች። ክዌስት ሰውን ከመጥፎ ሥራ ያወጣል፤ መጥፎውን ሥራ አያሻሽልም። ይህ የደመወዝ ወለል፣ የሠራተኛ ማኅበርና የሕግ ጉዳይ ነው። ከአንድ የሥልጠና ፕሮግራም ሁሉንም መጠበቅ አይገባም። ግን “ሥልጠና አለላችሁ” በሚል ሌላው ጥያቄ እንዳይዘጋ ነው የምፈራው።

በጀቱ

ክዌስት በሕይወት የኖረው ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የከተማው በጀት በሚጸድቅበት ወቅት የኮፕስና የሜትሮ ሰዎች ምክር ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። ከንቲባ ይለወጣል፣ የምክር ቤት አባላት ይለወጣሉ፤ እነሱ ግን አሉ። ጥሩ ፕሮግራም ያለ ጠባቂ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ ርቀት መሄድ አያስፈልግም።

ኮፕስና ሜትሮ ባሉበት የነዋሪ ድርጅቶች መረብ በኩል አሠራሩ ወደ ሌሎች አካባቢዎችም ሄዷል። በዚያው በቴክሳስ በሪዮ ግራንዴ ሸለቆ፣ በኦስቲንና በኤል ፓሶ፣ እንዲሁም በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች በ1990ዎቹ ተመሠረቱ። አንዳቸውም ቅጂ አይደሉም። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን አሠሪዎች፣ የራሱን ኮሌጅ፣ የራሱን ነዋሪዎች ይዞ ጀመረ።

በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ በሳን አንቶኒዮ የምግብ እርዳታ ለመቀበል የተሰለፉ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች ፎቶ በመላው አሜሪካ ታየ። ከተማዋ ሠላሳ ዓመት ቆይታም በሆቴልና በምግብ ቤት ደመወዝ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለች ግልጽ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር መራጮች ከእያንዳንዱ የአንድ ዶላር ግዢ ላይ የሚሰበሰብ የአንድ ሳንቲም ስምንተኛ ግብር ለአራት ዓመት ለሥራ ሥልጠና እንዲውል በሰፊ ድምፅ አጸደቁ። ኮፕስና ሜትሮ ለዚህ ቀስቅሰዋል። በዚህ ግብር ገንዘብ በ2022 የተጀመረው ፕሮግራም በዋና ሐሳቡ የክዌስትን መንገድ ተከትሏል፦ የኮሌጅ ክፍያ፣ አማካሪ፣ አስቸኳይ እርዳታ፣ መጨረሻ ላይ ደህና የሚከፍል ሥራ።

ከጥቂት መቶ ወደ ብዙ ሺህ ሰው ሲኬድ አስቸጋሪው ነገር ገንዘቡ አይደለም። እያንዳንዱን ተማሪ በስም የሚያውቅ አማካሪ በሺዎች ማባዛት ይከብዳል። አራት ዓመት ደግሞ ነርስ ለማፍራት ይበቃል እንጂ የነርሷን ኑሮ ለመመዘን አይበቃም። እኔ ከዚህ ፕሮግራም ማየት የምፈልገው ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት ስንት ሰው ተመዘገበ የሚለውን አይደለም። በ2022 ከገቡት ውስጥ በስድስተኛው ዓመት ስንቱ ቤተሰቡን በአንድ ሥራ ደመወዝ እያስተዳደረ ነው የሚለውን ነው።